ቀይ ኮፍያው ካፒቴን ኩስቶ፤ ባሕሩን ከፍቶ ለመዝጋት የታገለው ሰው

የአውሮፓ ሊጎች ሲዘጉ ምን እንደሚከተል እናንተ የእግር ኳስ አፍቃሪዎች ጠንቅቃችሁ ታውቁታላችሁ። ጋዜጦቹ በዝውውር ወሬ ይጨናነቃሉ፣ ከዋክብቱ ደግሞ ማልያቸውን አውልቀው ወደ ደሴት ይበራሉ። ማልዲቭስ፣ ሲሸልስ፣ ፊጂ… ከዚያ ፎቶው ይመጣል። አንዱ ኮከብ በጀርባው የአየር ሲሊንደር አዝሎ፣ አፉ ውስጥ ጎማ ጎርሶ፣ በዓሣ መንጋ መሐል ሆኖ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ክብ አድርጎ ይገጥማል። ደህና ነኝ ማለቱ ነው። እኛ ጎል ሲገባ እንደምናደርገው አውራ ጣቱን ብቻ ቢቀስር ግን ወደ ላይ እንውጣ የሚል ምልክት ስለሚሆን ጓደኞቹ ሁሉ መዋኘታቸውን ትተው ወደ ላይ ይወጡለታል።

ለመሆኑ የሰው ልጅ ከላይ ካለ መርከብ ጋር በቱቦ ሳይታሰር፣ የብረት ቆብ ሳይደፋ፣ እንደ ዓሣ በነጻነት እንዲዋኝ መንገዱን ያመቻቸው ማነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ሰው ቀጭን፣ አፍንጫው ረዘም ያለ፣ ቀይ የሱፍ ኮፍያ ከራሱ የማይለይ ፈረንሳዊ ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶ ይባላል። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ታሪኩ ግን ልክ እንደ ትልቅ ጨዋታ ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ያገባቸው ጎሎች በሁለተኛው አጋማሽ ራሱን ሲያሳስቡት እናያለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳት ያመጣው ዕድል

ኩስቶ ጁን 11 ቀን 1910 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ ብዙም በማትርቀው ሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ሲሆን በሀብታም አሜሪካውያን ሥር ይሠራ ስለነበር ቤተሰቡ አንድ ቦታ አልረጋም። ትንሹ ዣክ ለጥቂት ጊዜ ኒው ዮርክ ጭምር ኖሯል። በትምህርቱ ጎበዝ የሚባል አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱን መስኮቶች በድንጋይ ሰባብሮ እስከመባረር ደርሷል። ሁለት ነገሮችን ግን ከልጅነቱ ይወድ ነበር፤ ውሃንና የፊልም ካሜራን።

የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በኡራጓይ በተካሄደበት በ1930 ኩስቶ በብሬስት ወደሚገኘው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል አካዳሚ ገባ። ሕልሙ መርከበኝነት አልነበረም፤ የባሕር ኃይል አውሮፕላን አብራሪ መሆን ይፈልግ ነበር። ሥልጠናውን ሊያጠናቅቅ ትንሽ ሲቀረው፣ በ1936፣ በአባቱ መኪና ሌሊት ሲጓዝ ተገለበጠ። ሁለቱም ክንዶቹ ተሰባበሩ። በእኛ ቋንቋ ገና ለዋናው ቡድን ሳይሰለፍ በጉዳት ከሜዳ ወጣ ማለት ነው። የአብራሪነቱ ነገር በዚያው አበቃ።

ክንዱን ለማጠናከር በቱሎን አካባቢ በየቀኑ መዋኘት ጀመረ። እዚያ ፊሊፕ ታይዬ የተባለው የባሕር ኃይል ባልደረባው የዋና መነጽር ሰጠው። ኩስቶ መነጽሩን አጥልቆ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲነክር ከላይ ዝም ብሎ የሚታየው ባሕር ከሥሩ ሌላ አገር ሆኖ ጠበቀው። ፍሬዴሪክ ዱማ የተባለ፣ በዓሣ አደን የታወቀ ዋናተኛ ሦስተኛ ሆኖ ተቀላቀላቸው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ለዓመታት እንደ አንድ የአጥቂ መስመር ተናበው ሠርተዋል።

ኩስቶ በ1937 ሲሞን ሜልክዮርን አገባ። ዣን ሚሼልና ፊሊፕ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። እነዚህን ሁለት ስሞች ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ከመኪና ሞተር የተገኘው ትንፋሽ

በዚያን ጊዜ የነበረው ጠላቂ ከባድ የብረት ቆብ ደፍቶ፣ የእርሳስ ጫማ ተጫምቶ፣ ከላይ በቱቦ አየር እየተነፋለት ባሕር ወለል ላይ የሚራመድ ሰው ነበር። አየር በጀርባ የሚያሸክሙ መሣሪያዎችም ቢሞከሩም አየሩ ያለማቋረጥ ስለሚፈስ ቶሎ ያልቃል።

ችግሩን ለመረዳት ትንሽ ፊዚክስ ያስፈልገናል። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ስትወርዱ ግፊቱ ከላይ ካለው ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ። ሳንባችሁ ይህን ግፊት ተቋቁሞ እንዲነፋ የምትተነፍሱት አየር በዙሪያችሁ ካለው ውሃ ጋር እኩል ግፊት ሊኖረው ይገባል። ከፍ ስትሉ ይቀንሳል፣ ዝቅ ስትሉ ይጨምራል። ይህን በየሰከንዱ የሚያስተካክል፣ ስትስቡ ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ ነበር የጠፋው።

መልሱ የመጣው ከጦርነቱ ነው። ናዚ ጀርመን ፈረንሳይን ስትይዝ ቤንዚን ጠፋና መኪኖች በጋዝ እንዲሄዱ ተደረገ። ኤየር ሊኪድ በተባለው የጋዝ ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን ለሞተር ጋዝ እየመጠነ የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። የሲሞን አባት ደግሞ በዚሁ ኩባንያ ትልቅ ሰው ነበሩ። አማችነት ጥሩ ነው! ኩስቶና ጋኛን በ1942 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ተገናኙና ለሞተር የሚሠራው ለሰው ሳንባ እንዲሠራ ማስተካከል ጀመሩ።

የመጀመሪያው ሙከራ በ1943 መጀመሪያ በማርን ወንዝ ተደረገ። ኩስቶ አግድም ሲዋኝ መሣሪያው ሠራ፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ በከንቱ ፈሰሰ፣ ቁልቁል ሲዘቀዘቅ ደግሞ ለመተንፈስ ተቸገረ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ በከፍታ ስለሚለያዩ ግፊታቸውም ይለያያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጓቸው፣ ችግሩም ተፈታ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ኩስቶ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ባንዶል አካባቢ መሣሪያውን አዝሎ ሜዲትራኒያን ውስጥ ገባ። ሲሞን ከላይ እየተንሳፈፈች በመነጽር ትከታተለዋለች፣ ዱማ አደጋ ቢፈጠር ዘሎ ሊገባ ባሕር ዳር ተዘጋጅቷል። ኩስቶ ግን እየተገለባበጠ፣ በአንድ ጣቱ ቆሞ፣ እንደ ሕፃን ሲጫወት ቆየና በሰላም ወጣ። አኳ ላንግ ተወለደ። ዛሬ ደሴት ላይ ቱሪስቱ የሚጎርሰው ሬጉሌተር የዚያው መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው።

ዘመኑ ግን ለኩስቶ ቤተሰብ ጨለማም ነበረበት። ታላቅ ወንድሙ ፒየር አንትዋን ከናዚዎች ጎን የቆመ ጋዜጠኛ ነበርና ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ሞት ተፈረደበት። ቅጣቱ ተቀይሮለት ለዓመታት ታስሮ ተፈታ። ኩስቶ የባሕር ኃይል መኮንን ዩኒፎርሙን ለብሶ ለወንድሙ መስክሯል። ለሥራው እንደማይበጀው እያወቀ ነው ያደረገው።

የፋርግ ዕዳ

በዚያው በ1946 ኩስቶና ዱማ ቮክሉዝ በተባለው የደቡብ ፈረንሳይ ምንጭ ዋሻ ውስጥ ጠለቁ። የምንጩን ጥልቀት ማወቅ ነበር ዓላማቸው። ወርደው ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱም ጭንቅላታቸው ዞረ፣ አቅም አጡ። ከላይ ገመድ የያዘው ሞሪስ ፋርግ የሚባል ጓደኛቸው ነበር። ገመዱ ሲነካካ መጀመሪያ ተጨማሪ ገመድ የፈለጉ መስሎት ለቀቀላቸው። በኋላ ግን ልቡ ጠረጠረና ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተታቸው። ሁለቱም ተረፉ።

ጥፋቱ ከሲሊንደሩ ተገኘ። አየር የሚሞላው ማሽን የራሱን ጭስ መልሶ እየሳበ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሞልቶበት ኖሯል። በር ዘግተን ከሰል ስናነድ ድምፁን አጥፍቶ የሚገድለው ያው መርዝ! ዛሬም የሲሊንደር መሙያው ማሽን አየር የሚስብበት አፍ ከጭስ መራቅ አለበት የሚባለው በዚህ የተነሳ ነው።

በዓመቱ በ1947 ቡድኑ በቱሎን አቅራቢያ በጥልቀት ክብረ ወሰን ለመስበር ሞከረ። ተራው የፋርግ ነበር። እየወረደ በየደረጃው በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ስሙን ይፈርማል። ከ110 ሜትር በላይ ወርዶ ፈረመ፣ ከዚያ በኋላ ግን ገመዱ ዝም አለ። ሲጎትቱት የአየር መሳቢያው ከአፉ ወልቆ አገኙት። ለሰዓታት ቢታገሉም ነፍሱን ሊመልሱ አልቻሉም። ጥልቅ ሲኬድ ናይትሮጅን እንደ አረቄ ያሰክራል፤ የሰከረ ጠላቂ ደግሞ መሣሪያውን ከአፉ ያወልቃል። እነኩስቶን ከሞት የጎተተውን ሰው እነሱ ሊያድኑት አልቻሉም። ዛሬ ለመዝናኛ የሚጠልቅ ጀማሪ ከ18 ሜትር በላይ እንዳይወርድ የሚከለከለው እንዲህ ያለ ዋጋ ተከፍሎበት ነው።

ካሊፕሶና የወርቁ ዘንባባ

ኡራጓይ ማራካና ላይ ብራዚልን ባስለቀሰችበት በ1950 ኩስቶም ዋንጫውን አገኘ። ካሊፕሶ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈንጂ እንድትጠርግ የተሠራች የእንጨት መርከብ ስትሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በማልታ ሰውና መኪና ታመላልስ ነበር። ሎኤል ጊነስ የተባለ ባለጸጋ ገዛትና በዓመት በአንድ ፍራንክ አከራየው። አዎ፣ አንድ ፍራንክ! ለማደሻ ገንዘብ ሲጠፋ ሲሞን ጌጣጌጧን ሸጠች። በመርከቧ ላይ ከማንም በላይ የኖረችውም እሷ ናት፤ መርከበኞቹ እረኛዋ ይሏት ነበር።

ካሊፕሶ በ1951 መጨረሻ ለመጀመሪያው ትልቅ ጉዞዋ ወደ እኛው ሰፈር መጣች። ከዳህላክ ደሴቶች ባሻገር፣ በቀይ ባሕር የአረቢያ ወገን ወደሚገኙት ፋራሳን ደሴቶች ሄዳ ኮራል አጠናች። ከዚያ በኋላ ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከሲሸልስ ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው፣ ሰው እምብዛም ወደማይደርስባት አሳምፕሽን ተሻገረች። እዚያ ኡሊስ የሚል ስም ያወጡለት አንድ ግዙፍ ዓሣ ሥጋ እየበላ ተላመዳቸውና ቀረጻውን መበጥበጥ ጀመረ። ካሜራ ፊት እየተደነቀረ አላሠራ ሲላቸው ከሻርክ መከላከያ በተሠራው የብረት ቤት ውስጥ ከተው ለጥቂት ቀናት አሰሩት። ቀይ ካርድ መሆኑ ነው።

ከዚህ ጉዞ የተገኘው ዝምተኛው ዓለም የተባለው ፊልም በሜይ 1956 ካን ላይ ወርቃማውን ዘንባባ ወሰደ፣ ቀጥሎም ኦስካር አነሳ። አብሮት ያዘጋጀው ሉዊ ማል ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። በሚቀጥለው ወር ሪያል ማድሪድ ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ፈረንሳዮች በሬምስ ሽንፈት ተቆጭተው በኩስቶ ተጽናንተዋል ብንል አልተጋነነም።

ይሁንና ፊልሙን ዛሬ የሚያይ ሰው አንገቱን ይደፋል። የኩስቶ ሰዎች ዓሦቹን ለመቁጠር ብለው ኮራሉን በዲናሚት ያፈነዱታል። በኤሊ ጀርባ ላይ ይጋልባሉ። መርከቧ አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል ትገጫለች፤ ሻርኮች ደሙን ተከትለው ሲመጡ መርከበኞቹ በንዴት እየጎተቱ ይጨፈጭፏቸዋል። የባሕር ጠበቃ የተባለው ሰው ሥራውን የጀመረው እንዲህ ነው። ያኔ ባሕሩ የሚያልቅ አይመስላቸውም ነበር።

ባሕር ውስጥ የተሠራው መንደር

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በአዲስ አበባ ባነሳችበት በ1962 ኩስቶ ሌላ እብደት ጀመረ። ሁለት ሰዎችን፣ አልቤር ፋልኮንና ክሎድ ዌስሊን፣ በማርሴይ ባሕር 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በተሠራ የብረት ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት አኖራቸው። በ1963 ደግሞ በሱዳን ጠረፍ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ሻዓብ ሩሚ በተባለው ሪፍ ላይ መንደር ሠራ። የኮከብ ቅርጽ ባለው ቤት አምስት ሰዎች አንድ ወር ኖሩ። በቀቀንም ነበራቸው። ጥልቅ ብሎ 27 ሜትር ላይ በተተከለው ትንሽ ቤት ሁለት ሰዎች ለአንድ ሳምንት ቆዩ። ኩስቶና ሲሞን የጋብቻ በዓላቸውን እዚያው ውሃ ሥር አከበሩ። ከዚህ የተሠራው ፊልምም ኦስካር አግኝቷል።

የሰው ልጅ ባሕር ውስጥ ከተማ ይቆረቁራል የተባለው ግን አልሆነም። ወጪው ከበደ፣ ኩስቶም ሐሳቡን ቀየረ። ቅሪቱ እዚያው ሻዓብ ሩሚ ቀርቶ ለዓመታት ጠላቂ ቱሪስቶች ሲጎበኙት ኖረዋል።

ከ1968 ጀምሮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የኩስቶን ተከታታይ ፊልም ማሳየት ሲጀምር ቀይ ኮፍያው የዓለም ሆነ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሕፃን ሳይቀር ሻርክና ዶልፊን ሳሎኑ ድረስ መጡለት። ኩስቶ ግን ከዓመታት በፊት ወደሄደባቸው ቦታዎች ሲመለስ ዓሣው ሳስቶ፣ ኮራሉ ሞቶ ያገኘው ጀመር። በ1960 ፈረንሳይ የኑክሌር ቆሻሻ ሜዲትራኒያን ውስጥ ልትጥል ስትል ተቃውሞ ከመሩት አንዱ ነበር፤ በ1973 ደግሞ ባሕርን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ። አጥቂው ተከላካይ ሆነ።

ሁለቱ ልጆች

ታናሹ ልጅ ፊሊፕ የአባቱ ቀኝ እጅ ነበር። እንደ አባቱ ይጠልቃል፣ ካሜራ ይይዛል፣ አባቱ ያልቻለውንም አብራሪነት ተክኖበታል። ጁን 28 ቀን 1979 ሊዝበን ላይ ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላኑን ሲሞክር ቴጆ ወንዝ ላይ ተከሰከሰና ሞተ። 38 ዓመቱ ነበር። ኩስቶ ከዚህ በኋላ የቀድሞው ሰው አልሆነም ይባላል። ታላቁ ልጅ ዣን ሚሼል የአርክቴክትነት ሥራውን ትቶ ክፍተቱን ለመሙላት ከአባቱ ጎን ተሰለፈ።

በ1989 የኩስቶ ቡድን በማሌዢያ፣ ከቦርኔዮ ወጣ ብላ ስላለችው ሲፓዳን ደሴት ፊልም ሠራ። ሲፓዳን በእግር ዞር ዞር ብላችሁ የምትጨርሷት ሚጢጢ ደሴት ስትሆን፣ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ በቆመ ተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከባሕር ዳርቻው ጥቂት እርምጃ እንደሄዳችሁ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ኤሊዎች ገብተው መውጫ አጥተው የሚሞቱበት የውሃ ውስጥ ዋሻ አላት። ፊልሙ ሲታይ ዓለም ሁሉ ሲፓዳን ካልሄድኩ አለ። ሆቴል በሆቴል ሆነች። በኤፕሪል 2000 ታጣቂዎች ደሴቷን ወረው 21 ሰዎችን አፍነው ወሰዱ። በ2002 ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ የሚከራከሩባት ደሴት ለማሌዢያ ተፈረደች። በ2004 ደግሞ መንግሥት ሆቴሎቹን በሙሉ ከደሴቷ አስወጣና በቀን 120 ጠላቂ ብቻ እንዲገባ ወሰነ። ኩስቶ ያወደሳት ደሴት ከአድናቂዎቿ መጠበቅ ነበረባት።

ይህንን ውጥረት ኩስቶ በሕይወት እያለ በገዛ ቤቱ አይቶታል። ሲሞን በ1990 መጨረሻ ሞተች። በዓመቱ ኩስቶ ፍራንሲን ትሪፕሌን ሲያገባ ከእሷ ሁለት ልጆች ቀደም ብሎ መውለዱ ታወቀ። ዣን ሚሼል ከአባቱ ድርጅት ወጣ፤ በፊጂ፣ ቫኑዋ ሌቩ ደሴት ላይም ኩስቶ የሚል ስም የያዘ የጠለቃና የመዝናኛ ሆቴል ሥራ ውስጥ ገባ። አባትዬው በስሜ አይነገድም ብሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ ልጁን ፍርድ ቤት ገተረው። ነገሩ ያለቀው ልጅየው ስሙን ሙሉ በሙሉ፣ ዣን ሚሼል ብሎ ከፊት እንዲጽፍ ተወስኖ ነው።

ለሁለቱም መፍረድ ያስቸግራል። አባት ስሙን ለትርፍ አላቋቋምኩም ላለው ድርጅት መጠበቁ ነው። ልጅም ቢሆን ስሙን ከመንገድ አላነሳውም፣ አባቱ ነው ያወጣለት። ደግሞስ ሰውን ሲሊንደር አሸክሞ ወደ ሩቅ ደሴት የላከው ማን ሆነና!

የመጨረሻው ፊሽካ

በጃንዋሪ 1996 ካሊፕሶ ሲንጋፖር ወደብ ላይ ቆማ ሳለ አንድ ጀልባ ገጭቷት ሰመጠች። አውጥተዋታል፣ ግን ዳግም በባሕር ላይ ለሥራ አልተሰማራችም። ኩስቶም በዓመት ከመንፈቁ፣ ጁን 25 ቀን 1997፣ ፓሪስ ውስጥ በ87 ዓመቱ አረፈ። ጸሎተ ፍትሐቱ በኖትርዳም ካቴድራል ተደርጎ በትውልድ ከተማው ተቀበረ። ባሕር ውስጥ ሳይሆን መሬት ውስጥ።

በሚቀጥለው ክረምት ዚዳን በሁለት የጭንቅላት ኳስ ብራዚልን ቀብሮ ፓሪስ በደስታ ስታብድ፣ ኩስቶ ከአርባ ዓመት በፊት በቀረጸበት በሕንድ ውቅያኖስ ውሃው ከልክ በላይ ሞቆ ኮራሉ ነጭ ሆኖ ነበር። የ1998ቱ ሙቀት በሲሸልስና በማልዲቭስ አብዛኛውን ኮራል ገድሏል። ይህንን ማንም ጠላቂ በዲናሚት አላደረገውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው የዕረፍት ወቅት የምታደንቁት ተጨዋች ከውሃ ውስጥ ፎቶ ሲልክ፣ አፉ ውስጥ ያለችውን መሣሪያ ልብ በሉልኝ። የጋኛን የመኪና ጋዝ፣ የፋርግ ነፍስ፣ የሲሞን ጌጥ አለባት። ተጨዋቹ ኮራሉን በእጁ ካልነካ፣ ኤሊዋን ካልጋለበ ደግሞ ሽማግሌው ካፒቴን ዘግይቶ የተማረውን ትምህርት እሱ በወጣትነቱ አውቆታል ማለት ነው።